የቤተሰብ ማዕዘን፦ ልጁ ተጫዋች ይወጣዋልን?

ከመተማ ዮሐንስ አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሰንብቷል። ባለቤታቸው በግዳጅ ላይ የሚገኙ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ልጃቸው 17 ዓመት ሆኖታል፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ ሲጫወት ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ሰሞኑን አንድ ሰው ወደ ቤታቸው መጥቶ፣ «ልጁን አዲስ አበባ ወስጄ በትልቅ ክለብ አስሞክረዋለሁ፤ ለመንገዱና ለወረቀቱ 30,000 ብር ያስፈልጋል» ብሏቸዋል። እናቲቱ ያላቸው ጥሪት የጆሮ ወርቃቸውና ከዘመድ ጋር በሽርክና የዘሩት ሰሊጥ ነው። «ወርቁን ልሽጠው ወይስ ልጁን ልከልክለው? አባቱ ሩቅ ነው፤ እናንተ ምከሩኝ» ሲሉ ጽፈዋል።

ስለ ገንዘቡ ጉዳይ መልሴ አጭር ነው። ወርቁን አይሽጡ። ተጫዋች የፈለገ ክለብ ከእናት ጆሮ ጉትቻ አያስወልቅም። ነገር ግን የእናቲቱ ጥያቄ በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ልጁ በእርግጥ ተጫዋች ይወጣዋልን? ብሎ መጠየቅም አለ። ይህኛው ከባድ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብና ጥበብ አፍስሰው የሚሳሳቱ ሰዎች ስላሉ፣ አስቀድሜ ስለ እነርሱ ጥቂት ላጫውታችሁ።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እንደኛው በእግር የሚመታ ሳይሆን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተገፋፉ የሚሮጡበት ነው። ተጫዋቾቻቸው የሚፈልቁት ከዩኒቨርሲቲ ነው። በየዓመቱ በጸደይ ወራት 32ቱ የሙያ ክለቦች ተሰብስበው ከተመራቂዎቹ መካከል በተራ ይመርጣሉ፤ ተራው በሰባት ዙር የሚታደል ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል። ምርጫው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከምርጫው አስቀድሞ ከ300 የሚበልጡ ወጣቶች ኢንዲያናፖሊስ በምትባል ከተማ ይጠሩና እንደ ምልምል ወታደር ይመዘናሉ። ቁመታቸውና የእጃቸው ስፋት ይለካል። 40 ያርድ፣ ማለትም ወደ 37 ሜትር ያህል፣ በሰዓት እየተያዘ ይሮጣሉ፤ ወደ ላይ ይዘላሉ፤ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረት ደረታቸው ላይ እያወረዱ ያነሣሉ፤ ሐኪም ይመረምራቸዋል፤ አሠልጣኞችም በጥያቄ ያፋጥጧቸዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ዓይን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገው ምርጫ ሁለተኛ ሆኖ የተጠራው ራያን ሊፍ ቁመናም ጉልበትም የተሟላለት ወጣት ነበር፤ ሆኖም የመረጠው ክለብ ከሦስት የውድድር ዘመን በኋላ አሰናበተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቶም ብሬዲ የሚባል ቀጫጫ ልጅ ያችን 40 ያርድ በ5.28 ሴኮንድ ሮጦ ዘገምተኛ ተባለ። 198 ወጣቶች ከተጠሩ በኋላ በ199ኛ ተራ፣ በስድስተኛው ዙር ተመረጠ። ይኸው ሰው ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የመሮጫው ሰዓት እውነቱን ተናግሯል፤ ልጁ በእርግጥ ቀርፋፋ ነበር። ሆኖም ከፊቱ ያለውን ሜዳ በአንድ አፍታ ማንበቡን፣ በጭንቅ ሰዓትም አለመረበሹን ሰዓቱ ከየት አምጥቶ ይለካዋል? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ ፍጥነት ተጫዋቹን እስከ ኳሱ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ይጠይቃል።

ወደ እኛ ምድር እንመለስ። እኔ ልጅነቴን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ያሳለፍሁት በገዳሪፍ ከተማ አጠገብ በሚገኘው፣ ተዋዋ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ነው። ከሱዳናውያን ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ እየመታን፣ ግማሻችን ሂላል፣ ግማሻችን መሪኽ እየሆንን፣ ከኦምዱርማን ሬድዮ የሰማነውን የተጫዋች ስም ለራሳችን እያወጣን አደግን። ስለዚህ የዚህን አካባቢ ሜዳ በእግሬ አውቀዋለሁ። ከገዳሪፍ እስከ ዶካ፣ ከገላባት እስከ መተማና እስከ ሑመራ ያለው መሬት ለማሽላና ለሰሊጥ የተፈጠረ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት እንደ ሊጥ ከጫማ ላይ ተጣብቆ አንዱን እግር ሁለት ያህላል። ዝናሙ ሲያቆም ደግሞ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል።

በዚህ ሜዳ ያደገ ልጅ አንድ ጠባይ ይይዛል፤ አንገቱን ደፍቶ ይጫወታል። ከደጋ የመጣ መልማይ ይህን አይቶ «ልጁ ቀና ብሎ አያይም፤ ጓደኛው የት እንዳለ አያውቅም» ብሎ ከመዝገቡ ይሰርዘዋል። ልጁ ግን የሚያየው ስንጥቁን ነው። ቁርጭምጭሚቱን አንዴ ከተሰበረ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረው ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመመዘን መጀመሪያ የተስተካከለ ሜዳ ላይ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ማጫወት፣ ከዚያ ወዲያ መፍረድ ይገባል።

የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የወጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ደረቱ ይቃጠላል። ሰውነቱ ደሙን ለቀጭኑ አየር እስኪያዘጋጅ ሳምንታት ይፈልጋል። እንግዲህ ያ 30,000 ብር ጠያቂ ልጁን ማታ በአውቶቡስ አድርሶ በማግሥቱ ሜዳ ቢያስገባው፣ በ20ኛው ደቂቃ ቆሞ ሲያለከልክ የሚያዩት አሠልጣኞች ምን ይላሉ? ገንዘቡ ሄደ፤ ልጁም «አልቻልሁም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ ማለት ነው።

«ለወረቀቱ» የተባለውም አላማረኝም። በአገራችን የብዙ ልጅ የልደት ቀን በእናቱ ልብ እንጂ በማኅደር አልተጻፈም፤ በዚህም የተነሣ ዕድሜ ቀንሶ ማስጻፍ እንደ ብልኃት ሲቆጠር ኖሯል። የ17 ዓመቱ ልጅ በወረቀት 15 ይሆንና በታናናሾቹ መካከል አንበሳ መስሎ ይታያል። ይሁንና ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ማስመርመር ጀምሯል፤ ወረቀቱ ቢዋሽ አጥንቱ ይናገራል። ይህ ባይኖርም እንኳ ሌላ ጉዳት አለው። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ በትከሻው እየገፋ ስለሚያልፍ፣ ኳስ በደንብ ማብረድም ሆነ ቦታ መያዝ ሳይማር ያድጋል። እኩዮቹ በጉልበት ሲደርሱበት የሚሠራው ያጣል። አባቶች ሆይ፣ በ15 ዓመቱ ሁሉንም ገፍቶ በሚጥለው ልጃችሁ ቶሎ አትደሰቱ፤ ተገፍቶ እየወደቀ ተነሥቶ ትክክለኛ ኳስ የሚያቀብለውን አጠገቡ ያለውን ደቃቃ ልጅም እዩት።

ይህን የምለው ከሌሎች ስሕተት ብቻ ተምሬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በዚሁ ጠረፍ ሳገለግል የአንድ ሰፈር ታዳጊዎች ቡድን አሠለጥን ነበር። ለአንድ ውድድር 18 ልጆች ስመርጥ አንድ የወታደር ልጅ አስቸገረኝ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የሚስተካከለው የለም፤ ኳስ ሳይደርሰው ዘወር ብሎ አካባቢውን ያያል፤ በሁለቱም እግሩ ያቀብላል። ከዚያ በኋላ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። «ሰነፍ ነህ» አልሁት፤ በጓደኞቹ ፊት አልሁት። ከዝርዝሩም አወጣሁት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ከሁለት ወር በኋላ እናቱን ጤና ጣቢያ ደጃፍ አገኘኋቸው። ልጁ ለካ ለወራት ማታ ማታ ሲያተኩሰው፣ ሲያልበውና ሲከሳ ቆይቶ ኖሯል፤ ሕመሙ ካላዛር ነበር፤ ጣፊያው አብጦ እንብርቱ ድረስ ወርዷል። በየቀኑ ለ17 ቀናት መርፌ ተወግቶ ዳነ። ወደ ኳስ ሜዳ ግን አልተመለሰም፤ እኔም እንዲመለስ የመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ስለዚህ በመተማ፣ በሑመራ፣ በገዳሪፍም በኩል የምትኖሩ እናቶች ይህችን ልብ በሉልኝ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን በኩል ያበጠ ሆድ ካለ፣ ልጁ ሜዳ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ተደጋጋሚ ወባም ጣፊያን ያሳብጣል። ጣፊያው ያበጠ ልጅ በጨዋታ መካከል በክርን ወይም በጉልበት ሆዱን ቢመታ ጣፊያው ፈንድቶ ደሙ ወደ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ ይህ የሞት ጉዳይ ነው። አሜሪካኖች ከሚያደርጉት ምዘና ሁሉ እኔ ብወስድ የምመኘው የሐኪሙን ምርመራ ነው።

ዕድሜው አልፎበታል ብለው ለሚጨነቁ ደግሞ የሠራዊታችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ዓለም ስሙን አያውቀውም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው። የአየር ኃይሉ ምሩጽ ይፍጠር በሙኒክ የ5,000 ሜትር ውድድሩ ሳይሮጥ አመለጠው፤ ሞንትሪያል ላይ አገራችን ሳትካፈል ቀረች፤ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ግን 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። ስምንት ዓመት ጠብቆ ማለት ነው። ሩጫና ኳስ አንድ አይደሉም፣ እርግጥ ነው፤ የኳስ ተጫዋች ዕድሜ ያጥራል። ቢሆንም የ17 ዓመት ልጅ በዚህ ወር ካልሄደ አለቀለት የሚል ሰው ችኮላው የራሱ እንጂ የልጁ አይደለም።

በኳሱም ቢሆን በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድናችን በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪው ሰዓት ግብፆችን 4 ለ 2 አሸንፏል። እኔ ልጅ ስመርጥ የማየው ይህንኑ ነው፤ ቡድኑ ሲመራ ምን ያደርጋል? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ይለምናል ወይስ ተመልሶ ይከተላል? ጓደኛው ሲሳሳት ይሰድበዋል ወይስ ቦታውን ይሸፍንለታል? አብዶ መሥራትማ ሁሉም ያውቃል፤ ለጭብጨባ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ፣ እኅቴ። ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል። ፈተናው ምን ያህል እንደጠበቀ ያውቃሉ፤ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሰውዬው ልጁን በትምህርት ዘመን መካከል ሊወስድብዎት ነው። በዚያ በአሜሪካ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ከሁሉ በፊት የተጠራው ጄይ በርዋንገር የሚባል ወጣት አንድም ቀን በሙያ ክለብ ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ መግባቱንም ላስታውስዎ። የተማረ ስለነበር መምረጥ ቻለ። ልጅዎንም ቁጭ አድርገው ይጠይቁት፤ ኳስ የሚፈልገው እሱ ነው ወይስ የሚያጨበጭበው ሰፈር? በደብዳቤዎ ውስጥ የእሱን ቃል አላገኘሁም።

መሄድ ከፈለገ ደህና መንገድ አለ። በትምህርት ቤቱና በወረዳው ቡድን በኩል ይታይ፤ ክለቦች የታዳጊ ቡድናቸውን ምልመላ ሲያውጁ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ጥንት ስሙ የተመለሰውን የሠራዊቱን ክለብ መቻልን ጨምሮ፣ በክፍሉ በኩል ማጣራት ይቻላል። ለሙከራ የሚጠራው ክለብ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ ደብዳቤውን ሃምሳ አለቃ ያንብቡት፤ በክለቡ ስልክም ደውለው ያረጋግጡ። ጉዞው ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይሁን፤ ከሙከራው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ በደጋ ከዘመድ ቤት ይሰንብት። ከመሄዱ በፊት ጤና ጣቢያ ሆዱን ያስዳስስ። ስለ ጎረቤቶቻችንም ላንሣ፤ የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ እነዚያ ልጅ ሳለን ስማቸውን የተካፈልናቸው ሂላልና መሪኽ እንኳ ሜዳቸውን አጥተው በሞሪታንያ ሊግ እስከ መጫወት ደርሰዋል። ስለዚህ «በገላባት በኩል ካርቱም አሻግረዋለሁ» የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ፣ በሩን ዘግተው ለክፍሉ ያስታውቁ።

በመጪው ቅዳሜ ለሥራ ወደ መተማ እወርዳለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከሰፈሩ ሜዳ ዳር እቆማለሁ። ልጅዎ ማንም ሳይነግረው እንደ ወትሮው ይጫወት፤ የቱ እንደሆነ ለእኔም አያሳዩኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ቡና ካለ እጠጣለሁ፤ ያየሁትንም ለእርስዎና በስልክ ለሃምሳ አለቃ እነግራለሁ።