«ይበቃሃል» አትበሉት፣ ቅደሙት!

እስቲ ዛሬ ሰቆጣ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ካጨቃጨቀን ነገር ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሩጫው መዝገብ በእሱ ስለሆነ።)

ቀኑ ኦገስት 10 ቀን 2024 ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ። የሚጾመውም የማይጾመውም ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰብስቦ የፓሪስ ኦሎምፒክን የወንዶች ማራቶን ያያል። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አንደኛ ሆኖ ሲገባ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ደሬሳ ገለታ አምስተኛ ሆነ። ቀነኒሳ በቀለስ? እሱ 39ኛ። ሰዓቱ 2:12:24።

«በቃው እንግዲህ!» አለ ከጎኔ የተቀመጠ እኩያዬ። «በአርባ ሁለት ዓመቱ ምን ቀረኝ ይላል? የልጆች ቦታ ይዞ!» ቤቱ ሁሉ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም» ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ሰሚ ስላጣሁ ሙግቴን እዚህ ልጨርሰው።

መጀመሪያ ለተቃዋሚዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ። ለፓሪስ የተመረጡት ሦስቱ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ ነበሩ። በ2023 ኒው ዮርክን በ2:04:58፣ በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈው ታምራት ተጠባባቂ ነበር። የገባው ሲሳይ ስለተጎዳ ነው። ሲሳይ ደህና ቢሆን ኖሮ ወርቁን ያመጣው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያይ ነበር፤ 39ኛ የወጣው ግን ይሮጥ ነበር። ይህ ያማል፤ አልደብቀውም።

ግን ቀነኒሳ ያን ቦታ እንዴት አገኘው? በአቴንስና በቤጂንግ ባመጣቸው ሦስት ወርቆች ተከብሮ የተሰጠው ነው? አይደለም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቶ ነው። ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ማራቶንን ከዚያ በፊት በዚያ ፍጥነት ሮጦ አያውቅም። ቅሬታ ካለን ቅሬታችን ከምርጫው መስፈርት ጋር ይሁን፤ ከልደት ቀኑ ጋር ምን አጣላን?

ደግሞስ ይህን ሰው «አበቃለት» ስንል ስንተኛችን ነው? በ2016 ለሪዮ ኦሎምፒክ ሳይመረጥ ቀረ። ከሪዮው ማራቶን በኋላ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ በርሊንን በ2:03:03 አሸነፈ። ከዚያም ውድድር እያቋረጠ ሲወጣ ዳግመኛ «ጨረሰ» ተባለ። በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አነሰ። ኃይሌ ገብረሥላሴም ቢሆን በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው በ35 ዓመቱ፣ በ2008 ነው። በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ ማቆሙን አወጀ፤ ቀናት ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ በእርግጥ የተሰናበተው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ማቆሙን ያወጀው ራሱ፣ የሻረው ራሱ፣ የጨረሰውም ራሱ ነው።

የመኪና ውድድር የሚከታተሉት ጓደኞቼ እዚህ ላይ ሚካኤል ሹማከርን ያመጡብኛል። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው በ2006 አቁሞ፣ በ2010 በ41 ዓመቱ ተመልሶ፣ በሦስት የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ወጣ። እውነት ነው። ግን ቀነኒሳን በአንድ ዓመት ገደማ የሚበልጠው ፈርናንዶ አሎንሶ በ2024 ፎርሙላ ዋን ላይ እየነዳ ነበር፤ መኪና የሚሰጠው ቡድን ስላለ ነዳ። ደግሞ ሾፌር ሲዘገይ ሞተሩን ይወቅሳል። ሯጭ ምኑን ይወቅሳል? ሳንባውና እግሩ የራሱ ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱ አይዋሽበትም።

በዚያች ቡና ቤት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እንኳን ሯጭ ንጉሥም በጊዜው ይለቃል። ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ በሽምግልና ባይለቅ ኖሮ ዋግሹም የሚባል ማዕረግ መች ይኖር ነበር?» ዋግ ውስጥ ይህን ሲሰሙ ዝም የማይል የለም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ለዚያ ንጉሥ የሚሄድበት አገር ተሰጥቶታል። እኛ ለሯጩ ምን ሰጥተን ነው ውጣ የምንለው?» የታሪክ ጸሐፊዎች የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ በ1270 የተወገደው በጦርነት ነው እንደሚሉ አላነሳሁባቸውም፤ ጾም ነው። ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ዙፋን ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው። ጎዳናው ግን ለሁሉም ይበቃል። ለንደንና በርሊን የሚጋብዙት ደስ ያላቸውን፣ የሚከፍሉትም በራሳቸው ገንዘብ ነው። ጥያቄ የሚነሳው ሦስት ሰው ብቻ በሚላክበት ኦሎምፒክ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መልሱ አንድ ነው፦ ቀድሞ የተነገረ፣ ለማንም የማይታጠፍ መስፈርት። በ2021 ለቶኪዮ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ሲዘጋጅ ቀነኒሳ ጊዜውን ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀርቷል። እዚያ ላይ ከእሱ ጋር አልቆምም። አንጋፋም ቢሆን ማጣሪያ ይሩጥ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌያለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት «ቦታው ላይ ያሉት ሰውዬ 60 ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ታገሺ» ተባልኩ። ታገስኩ። አንድ ቀን የማላውቃቸውን ሰው ልደት በጣቴ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ። ሥራውን ከእሳቸው የተሻለ እችለው እንደሆን የጠየቀኝ አልነበረም። እሳቸውንም ከእኔ ይበልጡ እንደሆን የጠየቃቸው አልነበረም። ሁለታችንም የምንለካው በልደታችን ብቻ ነበር።

ሩጫን የምወደው ለዚህ ነው። ዘመድ የሌለው፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት የሚደርስ የዋግ ልጅ ማንም ቦታ ሳይለቅለት ሊቀድም የሚችልበት ሌላ ምን አለ? ያን ልጅ «ትልቁ እስኪወጣ ጠብቅ» ብለን ካስተማርነው ሩጫውንም መሥሪያ ቤት አደረግነው ማለት ነው።

ቀነኒሳ ራሱ እንዲያ አልተማረም። በ2003 በዚያችው ፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የ21 ዓመት ልጅ ሆኖ ኃይሌን በ10 ሺህ ሜትር አሸነፈው። ኃይሌን ማንም «ለልጁ ቦታ ልቀቅ» አላለውም፤ ልጁ በመጨረሻው ዙር አለፈው እንጂ። በ2024 ደግሞ ተራው ደርሶ እሱ ፓሪስ ላይ ታለፈ፤ በታምራት፣ በደሬሳና በሌሎች 36 ሰዎች። ያቺ 39ኛ ደረጃ ለእኔ ውርደት አይደለችም። ለወጣቶቹ የተሰጠች ምስክር ወረቀት ናት፤ ያለፉት ሰው ማን እንደሆነ አስቡት!

ስለዚህ እኩያዬ ሆይ፣ አታባረው። ጫማህን እሰርና ቅደመው። ከተቀደመ ራሱ ያውቀዋል፤ ካልቀደምከው ደግሞ ቦታው የእሱ ነው።

ቸር እንሰንብት!