ገና ሳይወለድ ስለሚመረመር የሕፃን ሳንባ

ዛሬ ልናስታውሳችሁ የወደድነው ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሊመረመር ስለሚገባው ስለ አንድ ደዌ ነው።

በሰው ደረትና ሆድ መካከል ድያፍራም የሚባል ስስ የሥጋ መጋረጃ አለ። ይህ መጋረጃ በፅንሱ ውስጥ ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ፥ አንጀትና ጨጓራ፥ አንዳንድ ጊዜም ጉበት፥ ወደ ደረት ይወጣሉ፤ ሳንባውም ስፍራ ጠቦት ሳያድግ ይቀራል። ከ2,500 እስከ 3,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ከዚህ ደዌ ጋራ ይወለዳል፤ የሚበዛውም በግራ ወገን ነው።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የሚኖረው በእትብቱ በኩል ከእናቱ በሚያገኘው ነውና ሳንባው ቢያንስም አይታወቅበትም። ጭንቁ የሚጀምረው እትብቱ በተቈረጠ ሰዓት ነው። ነገሩ አስቀድሞ ያልታወቀ እንደ ሆነ የልደቱ ደስታ ወዲያው ወደ ልቅሶ ሊለወጥ ይችላል።

ነገር ግን በእርግዝናው ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት በሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይታያል። ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል እንዳይፈርድ ሐኪሙም ሦስት ነገር ይመረምራል። መዠመሪያ የሳንባውን ስፋት ከራሱ ዙሪያ ጋራ አስተያይቶ፥ በዚያው ሳምንት ካለ ጤነኛ ፅንስ ልክ ጋራ ያመዛዝነዋል፤ በግራ ወገን በሆነው ደዌ ከመቶ 25 በታች ከሆነ ጽኑ ይባላል። ሁለተኛ ጉበቱ ወደ ደረት መውጣት አለመውጣቱን ይመለከታል። ሦስተኛ በልቡ ወይም በሌላው አካሉ ተጨማሪ ጉድለት መኖሩን ይፈትናል።

ይህም ልክ ለሥራ የሚጠቅም ነው። በቤልጅግ አገር በሉቨን ከተማ ሐኪም በያን ዴፕሬስት መሪነት በብዙ አገሮች የተደረገው ጥናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ታትሟል። ደዌው ከጸናባቸው ፅንሶች መካከል፥ ሳንባቸው እንዲያድግ በአየር ቧንቧቸው ትንሽ ፊኛ ገብቶ ከመወለዳቸው በፊት የወጣላቸው ከመቶ 40 ሲተርፉ፥ ያልተደረገላቸው ግን ከመቶ 15 ብቻ ተረፉ። ሆኖም ፊኛው ያለ ጊዜ መውለድን ያበዛል፤ ደዌው መካከለኛ ለሆነባቸውም የታወቀ ብልጫ አልታየበትም። ስለዚህ ለሁሉ የሚሆን መድኃኒት አይደለም።

እንግዲህ አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ወሬ ከሐኪም የሰማችሁ እንደ ሆነ፥ «ልጃችን ይድናል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «የሳንባው ልክ ስንት ነው? ጉበቱስ ወዴት ነው? ሌላ ጉድለትስ አለበትን?» ብላችሁ ጠይቁ። ልደቱም የሕፃናት መተንፈሻ መሣሪያና የቀዶ ጥገና ሐኪም ባሉበት ሆስፒታል እንዲሆን ቀኑ ሳይደርስ ተሰናዱ። ቀዶ ጥገናው የሚደረገው የሕፃኑ ትንፋሽና የደሙ ዝውውር ከረጋ በኋላ ነውና፥ ሐኪሞቹ ቢቈዩ ቸል አሉ ብላችሁ አትዘኑባቸው።