ሕመም ሲጮኽና ዝም ሲል

ብዙ ፊልም ሠሪዎቻችን ሕመም ማለት ጩኸት ይመስላቸዋል። የቆሰለው ይጮኻል፤ የሚሞተውም ኑዛዜውን አንድ ቃል ሳያጎድል ተናግሮ ይሞታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ እንዲህ ያለ ሟች አልገጠመኝም። በጣም የታመመ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ተዋናይን የምመዝነው እያመመው ዝም ሲል ነው።

በዚህ ሚዛን «ድፍረት»ን የሚያህል አላየሁም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይቆሙላታል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እኮ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር!

እዚህ ሮማናት ቡና ላይ ስለ ፊልሙ ስናወራ፣ «አደይ፣ ሜሮን ጌትነት ባትኖር ፊልሙ ምን ነበረው?» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ። ሜሮን ጠበቃዋን ሆና አሳምራ ተጫውታለች፤ አልክድም። እኔን የያዘችኝ ግን ልጅቷን የሆነችው ትዝታ ሃገሬ ናት። ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም። ትከሻዋን ሰብስባ መሬት መሬት ታያለች። እንዲህ ያሉ ልጆችን በተረኝነት ሌሊት ተቀብያለሁ። «ሆዴን አመመኝ» ነው የሚሉት። ሌላውን የሚናገሩት፣ ከተናገሩም፣ አብሯቸው የመጣው ዘመድ ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ይህን ዝምታ የማያውቅ ሰፈር በከተማችን የለም።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ተሸልሟል። ትንሽ ይረዝማል። ግን አሮን አረፈ አንድ እግሩን ያጣውን አንበርብርን ሆኖ ሲራመድ እዩት፤ መቐለ ላይ በየመንገዱ የምናየው አረማመድ ነው፣ አላጋነነውም።

ወደ «ድፍረት» ልመለስ፤ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት አቤት ብላ ነው። እገዳው ኋላ ተነሣ። «ለሁሉም ትምህርት የሚሆን ነገር ነው፣ ምን ቸገራት?» የሚል ሰው አይጠፋም። በፊልሙ ስሟ ሒሩት ተብሎ ተለውጧል። እኛም የሕመምተኛን ታሪክ ለማስተማሪያ ስንወስድ ስሙን እናጠፋለን፤ ሕመምተኛው ግን ራሱን ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል።

ነገሩ በእኔ እጅ ቢሆን ከምርቃቱም ከሽልማቱም በፊት ፊልሙን ለእሷ ብቻ፣ በሩን ዘግቼ አሳያት ነበር፤ መሐል ላይ «ይብቃኝ» ካለችም ወዲያው የሚያጠፋላት ሰው አጠገቧ አስቀምጬ።