ጣታችንን ለማዳን የሠራናት ጠረጴዛ

ትንሿ ልጃችን መሮጥ በጀመረችበት ሰሞን የሳሎናችን ጠረጴዛ ማዕዘን ግንባሯን መታት። ቁስሉ ቀላል ነበር፤ በፕላስተር አለፈ። ባለቤቴ ግን ፕላስተሩን እየለጠፈች ቀና ብላ አየችኝና "የሠራኸው አንተ ነህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠረጴዛውን በትርፍ ሰዓቴ የገጣጠምኩት እኔው ነኝ፤ ጠርዙን ማለስለሱን "በኋላ ይደርሳል" ብዬ የተውኩትም እኔው።

በማግሥቱ ራውተሬን አወጣሁ። ራውተር ሲባል የዋይፋይዋ ሣጥን ትዝ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ። ይህኛው ቢት የሚባል ስለታም ጫፍ ታስሮበት በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር፣ የእንጨት ጠርዝ የሚያለሰልስና ቦይ የሚያወጣ የአናጢ መሣሪያ ነው። የጠረጴዛውን ሰፊ ገጽ ስዞረው ሁሉም ሰላም ነበር። የእግሮቹን ማያያዣ ጠባብ እንጨት ስጀምር ግን ራውተሩ የሚያርፍበት ቦታ አጣና ተንገዳገደ፤ እንጨቱም ተፈናጥሮ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ የነበረው የ13 ዓመቱ ልጄ "አባዬ፣ ጣትህ!" ብሎ ሲጮህ ነው ምን ያህል እንደተጠጋሁ የገባኝ። ጣቴ አልተነካም፤ እጄ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ቆየ።

ራውተር በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችል መሣሪያ ነው። ሰፊ ሰሌዳ ላይ እጅ ይቆጣጠረዋል፤ ጠባብ እንጨት ላይ ግን ያስቸግራል። መላው ነገሩን መገልበጥ ነው። ራውተሩ ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ይታሰራል፣ ቢቱ ብቻ በቀዳዳ ብቅ ይላል፣ የምንገፋው እንጨቱን ይሆናል። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፤ ነገር ግን እኛ በአንድ ቅዳሜ ከቁርጥራጭ እንጨት ሠራናት። የገዛነው ብሎንና ቪቴ ብቻ ነው።

ገጹን ማዘጋጀት

60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ቤቶች እንዲህ ያለ ቁራጭ ብዙ ጊዜ አያጡም። ስትመርጡ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ላዩ ላይ አቁሙና በሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ እንደሆነ እዩ፤ የተጣመመውን ተዉት። ለምን 18 ሚሊ ሜትር አይሆንም ካላችሁ፣ ገጹ በወፈረ ቁጥር የቢቱ ብቅ ማለት ስለሚያንስ ነው።

ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉና የታችኛውን ፕላስቲክ ፍቱት። ያ ፕላስቲክ መለኪያችሁ ነው። ኮምፔንሳቶው መካከል ላይ አስቀምጡና የብሎኖቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። መካከሉን ከምትጠቀሙበት ትልቁ ቢት ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ ብሱት። ከዚያም በፕላስቲኩ ፈንታ ራውተሩን ከሥር ከገጹ ጋር እሰሩት። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ከፋብሪካዎቹ ጋር አንድ የሆነ፣ ግን ረዘም ያሉ መሆን አለባቸው። ራሳቸውም ከገጹ በታች ይስመጥ፤ ብቅ ካለ እንጨቱን ያደናቅፋል።

ራውተሩ ሲንጠለጠል ገጹ እንዳይጎብጥ ግራና ቀኙን በሥር በኩል ሁለት የሞራሌ ቁራጭ በቪቴ አጥብቁ። እግር ለመሥራት አትጨነቁ። ከፊቱ ክፍት የሆነ ሣጥን ሠርታችሁ ላዩ ላይ ግጠሙትና ስትሠሩ ብቻ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ጠርቅሙት። ሲያበቃ አልጋ ሥር ይገባል። እንደኛ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መደገፊያው

እንጨቱን እያስደገፍን የምንገፋበት ቀጥ ያለ ጣውላ ያስፈልጋል። ቢቱ የሚገባበትን ያህል መካከሉን በግማሽ ክብ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በአንድ ብሎን ገጹ ላይ ሰክታችሁ እንዲዞር አድርጉት፣ ሌላውን በሞርሳ ያዙት። ልጄ በስኳድራ ከገጹ ጠርዝ ጋር ሊያስተካክለው ሲታገል "ተወው" አልኩት። ቢቱ በአንድ ቦታ የሚዞር ስለሆነ፣ መደገፊያው ቢጋደልም የሚቆርጠው ጥልቀት አይለወጥም። እንዲያውም ማዞሩ ይጠቅማል፤ ቢቱ በብሎኑና በነጻው ጫፍ እኩል መካከል ከሆነ፣ ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ስትገፉት ቢቱ ዘንድ የሚለወጠው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

የማይታለፉ ነገሮች

እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ ግፉ። የተገለበጠ ራውተር ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ስለሚዞር፣ በዚህ አቅጣጫ ስትገፉ ቢቱ እንጨቱን ይገፋባችኋል፤ በሌላው ግን ነጥቆ ይወስደዋል፣ እጃችሁንም ይስባል። እንጨቱን በቢቱና በመደገፊያው መካከል በፍጹም አታሳልፉ። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አትቁረጡ፤ መደጋገም ይሻላል። መጨረሻው ላይ በጣት ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፉ። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ማስክ ይኑራችሁ፤ ጓንት፣ ሰፊ እጅጌና ነጠላ ግን ከዚህ መሣሪያ ጋር አይሄዱም። ቢት ለመቀየር ከማብሪያው ማጥፋት አይበቃም፤ ከሶኬት ይነቀል።

ልጄ እንዲሠራበት ገና አልፈቀድኩም። መለካቱን፣ ምልክት ማድረጉንና በብርጭቆ ወረቀት መፈተጉን ግን ለእሱ ሰጠሁት። ሁለቱን መግፊያ እንጨቶች የሠራውም እሱ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ሥራውን ልንጨርስ ስንል መብራት ጠፋ። "ቡና ደርሷል" ተባልንና ገባን። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ መብራት መጣ፤ ፍሪጁ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፦ ማብሪያውን አላጠፋሁትም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ማብሪያው ክፍት ሆኖ ከቀረ መብራት ሲመለስ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ትንሿ ደግሞ ሳሎን የለችም። ስኒውን ጥዬ ወደ በረንዳው ሮጥኩ።

ልጅቷ መሬት ተቀምጣ በፍልፋዩ ትጫወታለች። መሣሪያው ዝም ብሏል።

"ነቅዬዋለሁ" አለኝ ልጄ ከኋላዬ ደርሶ። "ሳይነቀል ጥለውት አይሄዱም ብለህ የለ?"

ብዬ ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ። አሁን ከማብሪያው አጠገብ በትልቁ "መብራት ከጠፋ ንቀል" የሚል ጽሑፍ አለ፤ የጻፈው እሱ ነው፣ የተጻፈው ለእኔ ነው። የሳሎኑ ጠረጴዛ ጠርዝም ክብ ሆኗል።