መልሱን የማያውቅ ጠያቂ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ስልኳን አቀበለችኝ። ዘመድ ከውጭ የላከላት ቪዲዮ ነው። ኦቲዝም ያለበት፣ አንድም ቃል ተናግሮ የማያውቅ የተባለ ልጅ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለች ሴት የፊደል ሰሌዳ ከፊቱ አንጠልጥላ ይዛለታለች። ልጁ ፊደሎቹን በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ ለእናቱ «ሁሉንም እሰማለሁ» ብሎ ይጽፋል። የጎረቤቴም ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ እስከ ዛሬ አልተናገረም። «ጋሼ፣ እርስዎ ያነባሉና ይንገሩኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ጣቱ ፊደል ሲነካ የልጁ ዓይን መስኮቱ ላይ ነበር፤ ሰሌዳው ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

እዚያው መልስ መስጠት አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ ስለ አንድ የበርሊን ፈረስ ሳስብ አመሸሁ።

ፈረሱ ሃንስ ይባላል። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ፈረሱን ልክ እንደ ተማሪ በሰሌዳ ዓመታት አስተማረው። ሃንስም ሁለትና ሦስት ሲደመር ስንት ነው ሲባል መሬቱን በሰኮናው አምስት ጊዜ ይመታል፤ ክፍልፋይ ያሰላል፤ ሰዓት ስንት እንደሆነም ይናገራል። በ1904 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ጉባኤ ተሰይሞ መረመረው። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሽቱምፍ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የሰርከስ ሰው፣ የፈረሰኛ መኮንን ነበሩበት። ማጭበርበር የለም ብለው ፈረሙ። ልክ ነበሩ። ሽማግሌው ማንንም አላታለለም፤ ለማየት ከሚመጣው ሕዝብ ገንዘብ እንኳ አይቀበልም ነበር።

የሽቱምፍ ተማሪ ኦስካር ፕፉንግስት ግን በዚህ አልረካም። ጠያቂው ራሱ መልሱን ባያውቅስ? ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ለፈረሱ ብቻ እያሳየ፣ ጠያቂው እንዳያየው እያደረገ ሞከረ። ጠያቂው መልሱን ሲያውቅ ሃንስ ከመቶ ዘጠናና ከዚያ በላይ ያገኛል። ጠያቂው ሳያውቅ ሲቀር ግን ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላለትም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ጥያቄውን ጨርሶ ወደ ፈረሱ እግር ጎንበስ ሲል ሃንስ መምታት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ልክ ላይ ሲደርስ የሰውየው ራስ በጣም በትንሹ ቀና ይላል፤ ሃንስ ያቆማል። ጠያቂው ራሱን ቀና ማድረጉን አያውቅም። ፕፉንግስት በራሱ ላይ ሊያስቀረው ሞክሮ ተቸገረ። ኋላ እሱ የፈረሱን ቦታ ይዞ፣ በእጁ እየመታ፣ 25 ሰዎችን አንድ ቁጥር በልባቸው እንዲይዙ አደረገ፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

ፕፉንግስት ይህን ሁሉ የጻፈበት መጽሐፍ በ1907 ታተመ፤ ሰው ግን ረሳው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአውስትራሊያ ወደ አሜሪካ አንድ ዘዴ ገባ። የማይናገረውን ልጅ እጅ ወይም ክንድ ረዳት ይይዝለትና በመተየቢያ ያጽፈዋል። ግጥም ተጻፈ፣ ሒሳብ ተሠራ፣ ወላጆች ለዓመታት የጠበቁትን «እወድሻለሁ» አነበቡ። ከዚያ አንዳንዱ ልጅ አባቴ ደፈረኝ ብሎ «ጻፈ»፤ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቆመ፣ ልጅ ከቤቱ ተወሰደ። የፕፉንግስት ጥያቄ እንደገና የተነሳው ያኔ ነው። በ1993 በታተመ በኒውዮርክ ግዛት በተደረገ ጥናት 12 ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችና ዘጠኝ ረዳቶች ሥዕል እንዲያዩ ተደረገ፤ አንዳንዴ ለሁለቱም አንድ ሥዕል፣ አንዳንዴ ለየቅል። ረዳቱ ያላየውን ሥዕል ስም በትክክል የጻፈ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። የተለያየ ሥዕል ሲያዩ የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ነበር። በዓመቱ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ዘዴው በሳይንስ ያልተረጋገጠ ነው ሲል ወሰነ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ረዳቶቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። ፍቅር ነበራቸው፣ ትምህርትም ነበራቸው። ያጡት አንድ ነገር ነው፤ «ተሳስቼ ቢሆን በምን አውቃለሁ?» ብለው ቀድመው አልተነሱም። የሥነ ልቦና ትምህርት ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ቢጀምር እወዳለሁ፤ ከፍሮይድም ከማስሎውም በፊት። ምንድነው ጉዳቱ፣ እናት ትጽናና እንጂ የሚለኝ ወዳጅ አለ። ጉዳቱ ልጁ ላይ ነው። እናቱ ከልጇ ጋር የምታወራ እየመሰላት ከረዳቷ ጋር ስታወራ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ይላል።

በማግስቱ ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ቪዲዮ አይቼ በዚያ ልጅ ላይ አልፈርድም፤ ግን ሴትየዋን ከክፍሉ አስወጥቶ ለልጁ አንድ ዕቃ ማሳየት፣ ከዚያ እሷን ጠርቶ «ምን አየህ?» ማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ታዲያ የእኔ ልጅ ምንም አይለኝም ማለት ነው?»

ውሃ ሲጠማው ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳት።

«ኩባያውን ያነሳና እጄን ይዞ ወደ ቧንቧው ይጎትተኛል።»

ማንም እጁን ሳይዘው? አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ምሽት ከካርቶን ላይ ኩባያ፣ ዳቦና ጫማ እየሳልን ስንቆርጥ አመሸን። የእኔ ጫማ ድንች መሰለ፤ እሷ ደግማ ሳለችው።