ከብዙው ፋይል መካከል ለይቶ ስለ ማስቀመጥ

በየቤታችን በሚገኘው ኮምፒዩተር ውስጥ የልጆች ፎቶግራፍ፥ የአያቶች ድምፅ፥ የቤት ካርታና የትምህርት ምስክር ወረቀት ቅጂ ከተራ ፊልምና ከልዩ ልዩ ኮተት ጋር ተደባልቆ መኖሩ የታወቀ ነው። ዲስኩ በተበላሸ ቀን የሚያዝን ሰው ግን ስለ ፊልሙ አያዝንም። ስለዚህ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ ለይቶ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም አርሲንክ የሚባለውን መሣሪያ ልናመለክት እንወዳለን። ይህን መሣሪያ አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ የተባሉ ሰዎች በአውስትራልያ ሳሉ በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1996) ያወጡት ሲሆን፥ የሚሠራውም በላቲን ፊደል በሚጻፍ ትእዛዝ ነው።

ለመምረጥ የሚያገለግሉት ዋና ቃላት ሁለት ናቸው፤ ኢንክሉድ አስገባ፥ ኤክስክሉድ አስቀር ማለት ነው። መሣሪያው የተሰጠውን ደንብ ከፊተኛው ጀምሮ በተራ ያነባል፤ ለፋይሉ ስም የሚስማማውን የመጀመሪያውን ደንብ ሲያገኝ በዚያው ይፈርዳል እንጂ የኋለኛውን አይመለከትም። ምንም ደንብ ያልተስማማው ፋይል ይገለበጣል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው «የጄፔግ ቅጥያ ያለውን አስገባ» ብሎ ቢተው ሌላውም ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላውን አስቀር ብሎ አላዘዘምና። በመጨረሻ «ሁሉን አስቀር» ብሎ መጨመር ግድ ይሆንበታል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ከዚህ በኋላ ነው። «ሁሉን አስቀር» የሚለው ደንብ ፎልደሮችንም ያጠቃልላል፤ አርሲንክ ደግሞ ወዳስቀረው ፎልደር ፈጽሞ አይገባም። የላይኛው በር ከተዘጋ በውስጡ ያለው የሠርግ ፎቶግራፍ ምንም ቢፈቀድለት አይታይም። መድኃኒቱ ሦስት ደንብ በተራ መጻፍ ነው፤ በመጀመሪያ ኮከብና እዝባርን (*/) አስገባ፥ ይኸውም ፎልደሮችን ሁሉ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የጄፔግን ቅጥያ አስገባ፤ በመጨረሻ ኮከብን (*) አስቀር። ኮከብ ያለበት ደንብ ሁሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይጻፍ። መሣሪያው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያልና፥ አንዳንድ ካሜራም ቅጥያውን በትልቁ ስለሚጽፍ፥ ሁለቱንም ማስገባት ይገባል። (የእኛ ፊደል ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።)

ስለ ዲሊት አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ይህ ቃል ከምንጩ የታጣውን ፋይል ከመጠባበቂያው ዲስክም ያጠፋል። በኤክስክሉድ የተለየ ፋይል በመጠባበቂያው ላይ አስቀድሞ ካለ ከመጥፋት ይጠበቃል፤ ዲሊት ኤክስክሉድድ የሚለው ሲጨመር ግን ይህ ጥበቃ ይነሣል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ባለበት ዲስክ ላይ ይህ ሁለተኛው ቃል ምንም ሥራ የለውም ባዮች ነን።

ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ድራይ ረን የሚለውን ቨርቦዝ ከሚለው ጋር ቢጨምሩበት፥ አንድም ፋይል ሳይነካ የሚሄደውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። በዝርዝሩ ውስጥ በመጀመሪያ የምትፈልጉትን አንድ ፎቶግራፍ፥ ቀጥሎም እንዲቀር ያዘዛችሁትን አንድ ፊልም በስሙ ፈልጉ። ፊልሙ ከተገኘ የደንቦቹን ተራ መርምሩ፤ ፎቶግራፉ ከታጣ ደግሞ ከበላዩ የተዘጋው ፎልደር የትኛው እንደ ሆነ ተመልከቱ።