ከመንከር በፊት ማጠብ፤ ከማጠብ በኋላ ማለቅለቅ

አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸው ባረፉ ሰሞን የሴት ልጃቸውን ቀሚስ ከል ለመንከር አስበው፥ ልብሱ ፖሊስተር ስለ ነበር ለፖሊስተር የሚሆን ጥቁር ቀለም ከገበያ አስገዙ። ቀሚሱ እጅግ ይጽዳ በማለት በብዙ የዱቄት ሳሙና ካጠቡት በኋላ አረፋው ሳይለቀው ከፈላው ቀለም ጨመሩት። ሲያወጡት ግን ገርጥቶና ዥጉርጉር ሆኖ ተገኘ። በኀዘን ቤት ገንዘብ መባከኑ ሳያንስ፥ ቀለም ሻጩ በሰው ፊት ሌባ ተባለ። እኛም ነገሩን ስንመረምር ጥፋቱ የሻጩ አለመሆኑን ተረዳን።

ፖሊስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በብሪታንያ የሠሩት ክር ነው። ጥጥ ከአየር ብቻ ከክብደቱ ከመቶ 8 ያህል እርጥበት ሲይዝ፥ ፖሊስተር የሚይዘው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውኃን የማይወድ ክር በመሆኑ ቀለሙም በውኃ እምብዛም የማይሟሟ፥ እንደ ደቃቅ ዱቄት ተበትኖ የሚቆይ ነው። ከዚህም ጥቂት በጥቂት የሚሟሟው ወደ ክሩ ገላ ይጠጋል፤ ሙቀት ክሩን ሲያላላው ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጠባይ አላት፤ አንዱ ጫፏ ውኃን፥ ሌላው ጫፏ ቅባትን ይወዳል። ክሩ በፋብሪካ ሲፈተል የተቀባው ዘይትና የሰውነት ቅባት ካልተወገዱ፥ ውኃውን ስለሚገፉ ቀለሙ ባንዱ ስፍራ ይይዛል፥ በሌላው ይስታል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙና ማጠብ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ያው ሳሙና በልብሱ ላይ በዝቶ ከቀረ ወዳጅነቱ ወደ ጠላትነት ይለወጣል። ቅንጣቶቹ ቅባት ወዳዱን ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ይሰበሰቡና እንደ ጥቃቅን ከረጢት ይሆናሉ፤ ውኃን የሚሸሸው ቀለምም ወደ ክሩ በመሄድ ፈንታ በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ያድራል። እንዲህ ሲሆን ቀለሙ ከውኃው ጋር ይደፋል፥ ልብሱ ገርጥቶ ይቀራል። የልብስ ማለስለሻ ቅሪትም ቀለሙን አጓጉሎ ነጠብጣብ ያወጣል።

እንግዲህ ልብሱን ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠቡ፤ ውኃው ጠርቶ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ሲነከርም ሳታቋርጡ አማስሉ። ቀለም የተፈላበት ድስት ግን ለምግብ አይመለስ።

ደግሞም ከቤት የፋብሪካ ሥራ አይጠበቅ። ፋብሪካዎች ፖሊስተርን የሚያቀልሙት በታፈነ ዕቃ በ130 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ድምቀቱ ቢያንስ አያስደንቅም፤ ይህንንም ለማሸነፍ ሲባል ቀለምን በወጥ መሥሪያ የእንፋሎት ድስት ማፍላት አደገኛ ነው።

ጎረቤታችን ቀሚሱን ደኅና አድርገው አለቅልቀው ዳግመኛ ነከሩት። እንደ ቁራ ባይጠቁርም ዥጉርጉርነቱ ጠፍቶ ለኀዘን የሚበቃ ሆነ። ከዚያም ሻጩን አስጠርተው፥ በሰው ፊት እንደ ሰደቡት በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ቀሚሱን ከማዳናቸው ይልቅ የሰውዬውን ስም መመለሳቸው እኛን ደስ አሰኘን።